በቃሌ ያጠናሁት የሰው ደብዳቤ

ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚሄድበት ሆስፒታል ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለኝ የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ። ሥራዬ የሰው ትንፋሽ መለካት ነው። በሽተኛው ወንበሬ ላይ ይቀመጣል፣ አፍንጫውን በመቆንጠጫ እይዝለታለሁ፣ ቱቦውን አፉ ላይ ያደርጋል፣ ከዚያ ጆሮው ሥር ቆሜ "ይንፉ! ይንፉ! አያቁሙ! ትንሽ ትቀራለች! አሁንም ይንፉ!" እያልኩ ሳንባው ባዶ እስኪሆን እጮህበታለሁ። ካልጮኹበት ሰው ትንፋሹን አይጨርስም፤ ለነገ ያስቀራል። በዚህ የተነሳ ከጥበቃው እስከ ዳይሬክተሩ "ወይዘሪት ይንፉ" ነው የሚሉኝ። አልቀየምም። የባሰ ስም የወጣላቸው አሉ።

ለምሳሌ እሱ። እሱን "ከአስር ስንት" ይሉታል። የሰመመን ሐኪም ነው። ሰው ማስተኛት ብቻ አልበቃው ሲል ምርምር ጀመረ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሳንባቸውን የበላባቸው ሰዎች ትንፋሽ ሲያጥራቸው የሚሰማቸው ነገር እንደ ሕመም ነው ወይ፣ ከሆነስ በትንሽ ሞርፊን ይታገሳል ወይ የሚል ጥናት ነው። እናም ቀኑን ሙሉ ከአልጋ አልጋ እየዞረ "ከአስር ስንት ያምዎታል?" ይላል። ምሳ ቤት ወረፋ የቆመው ሰው ሁሉ "ዶክተር፣ ረሃቡ ከአስር ስንት ደረሰ?" እያለ ይቀልድበታል። እሱ ደግሞ የምሩን አስቦ "ሰባት" ይላል።

እንግዲህ ይህን ሰው እወደዋለሁ። እሱም ይወደኛል፤ ወይም ይወደኝ ነበር፤ ወይም እንደሚወደኝ ነግሮኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የትኛው እውነት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሁለት ዓመት ሆነን። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እኔ "እንደምን አደሩ ዶክተር" እላለሁ፣ እሱ "ደህና፣ አንቺስ?" ይላል፣ እንተላለፋለን። "አንተ" የምለው በር ሲዘጋ ብቻ ነው። ምክንያቱ እናቱ ናቸው። የቀዶ ጥገና ፕሮፌሰር ናቸው፤ የሆስፒታሉን ግማሽ ሐኪም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። የእኔ እናት ደግሞ የዚሁ ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የፕሮፌሰሯን ጋውን ደሙን ያስለቀቀችው እሷ ናት። "ትንሽ ታገሺኝ፣ ለእናቴ ራሴ እነግራታለሁ" ይለኛል። ኧረ ስንት ትንሽ አለ? ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሽ!

ፕሮፌሰሯ ደግሞ በልባቸው ያጩለት አለች። የሳንባ ሐኪሟ ናት፣ የጓደኛቸው ልጅ፣ ምርምሩን አብራው የምትመራ። ቆንጆ ናት፤ አይደለችም ካልኩ ውሸት ይሆናል። እሷ በሰው ፊት "አንተ፣ ና እስቲ!" ትለዋለች። ያቺን "አንተ" በሰማሁ ቁጥር መሣሪያዬን የምወለውል መስዬ አቀረቅራለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ ለምርምር ስብሰባ በሆስፒታሉ መኪና ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ። እስከ ሐሙስ አይመለሱም። "ብቻችንን አይደለንም፣ ሌላ ሰውም አለ" ብሎኝ ነበር። ሌላ ሰው ያለው ለካ ሹፌሩን ነው።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት እናቴ ክፍሌ መጣች። እናቴ ጋ ኪሱ ሳይፈተሽ ማሽን ውስጥ የሚገባ ጋውን የለም። አንድ ጊዜ ኪስ ውስጥ የተረሳ መርፌ ወግቷት ወር ሙሉ መድኃኒት ውጣለች። ከዚያ ወዲህ የሐኪም ኪስ በመቆንጠጫ ነው የምትፈትሸው። እስክሪብቶ፣ ከረሜላ፣ የቤት ቁልፍ፣ ያላወጣችው ነገር የለም። ያን ቀን ያወጣችው የታጠፈ ወረቀት ነበር።

"ያንቺው ሰው ኪስ ውስጥ ነው" አለችኝ ፊቷ ሁሉ እየሳቀ። "መነጽሬን ቤት ባልረሳ አነበው ነበር፣ አልዋሽሽም።"

"እማዬ! የሰው ወረቀት እኮ ነው!"

"የምን ሰው? የእሱ እጅ ጽሑፍ አይደለም? ካንቺ ሌላ ለማን ይጽፋል? አንብቢው እንጂ፣ ምን ዓይን ዓይኔን ታይኛለሽ!"

የእሱ እጅ ነው። ያን የተንጋደደ ጽሑፍ የትም ባየው አውቀዋለሁ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፦

"ሆዴ፣

እኔ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው፤ አንቺም ደህና ነኝ ስትዪኝ ትዋሺ የለ? እኩል ነን።

ቀኑን ሙሉ ሰው ስለ ትንፋሽ ሲያወራ እሰማለሁ። እኔ ትንፋሽ ያጠረኝ ግን ድሮ ነው፣ አንቺን ያየሁ ቀን። ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ በበሩ ስታልፊ የፊት መሸፈኛዬን ገልጬ አየሁሽ። ሥራ ላይ መሸፈኛ አይገለጥም፤ እኔ ገለጥኩት። ተመልሰሽ ስትመጪ ጓንቴን አውልቄ ልጨብጥሽ አልኩና እጄ ንጹሕ አይደለም ብዬ አፈርኩ። አንቺ ያዝሽው። እስካሁንም የለቀቅሽው አይመስለኝም።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አጠገቤ ተኝተሽ ትንፋሽሽን እቆጥር ነበር። ሃያ ሳልደርስ ይወስደኛል። አሁን የምቆጥረው አጣሁ።

ትንሿን ሳሚልኝ።"

ከዚህ በታች አራት መስመር አለ። እሱን አሁን አልነግራችሁም። የስንብት ቃል ይመስላል፤ ያን ቀን በምን መንገድ እንደተረዳሁት ሳስበው እስካሁን አፍራለሁ።

"ሆዴ" የምትለዋን ሁለቴ አነበብኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሆዴ ብሎኝ አያውቅም። ለካ አፉ እምቢ እያለው ነው እንጂ እጁ ይችላል አልኩ። እንዲህ እየሳቅኩ ወደ ታች ወረድኩ፤ ወረድኩና ሰማያዊው ቀሚስ ላይ ቆምኩ።

እኔ ሰማያዊ ቀሚስ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም።

"ምን ይላል?" አለች እናቴ።

"ናፍቀሽኛል ነው የሚለው።"

"አላልኩሽም!" ብላ ጉንጬን ሳመችኝና እንደ ልጅ እየተፍነከነከች ወደ ማጠቢያዋ ሄደች። እኔ ወንበሬ ላይ፣ የበሽተኛው ወንበር ላይ፣ ቁጭ አልኩ። እናቴን መዋሸቴ ከሁሉ በላይ አመመኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ልንገራችሁ፤ ፈራጅ እናንተ ሁኑ። ያንን ወረቀት ጠዋት አነበብኩት፣ ምሳ ሰዓት አነበብኩት፣ በሁለት በሽተኛ መሃል አነበብኩት። የፊት መሸፈኛ የሚያደርግ ማነው? ሐኪም። ጓንት የሚያወልቅ ማነው? ሐኪም። ስለ ትንፋሽ ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ማነው? በሉ እናንተው መልሱ! አጠገቡ ተኝታ ትንፋሿን ቆጠረ አለ። የእኔን ትንፋሽ ቆጥሮ አያውቅም፤ ትንፋሽ የምቆጥረው እኔ ነኝ፣ ያውም በደመወዝ። ትንሿስ ማን ናት? እህቷ ናት? ድመቷ ናት? ልጅ ናት? ልጅ! የሳንባ ሐኪሟ አምና ለትምህርት ስምንት ወር ውጭ ሄዳ ነበር፤ ስምንት ወር ለምን በቃት ብዬ በጣቴ ቆጠርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የሰው ልጅ አስወለድኩ።

ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳሁም። ረቡዕ አምስት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከእሷ አጠገብ ሆኖ ለእኔ ሲደውል ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ እያሰብኩ ደሜ ይፈላ ነበር። አንድ ሽማግሌ በሽተኛ ቱቦውን ከአፋቸው አውጥተው "ልጄ፣ የምትጮኺው እኔ ላይ ነው ወይስ ሌላ ሰው ላይ?" አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቀጥሎ የመጣው ላይ ደግሞ ጮኽኩበት።

ረቡዕ ማታ ወረቀቱን ማየት ተውኩ፤ አላስፈለገኝም። እያንዳንዱ ቃል፣ እያንዳንዱ ነጠላ ሰረዝ ራሴ ውስጥ ገብቶ ተቀምጦ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን ይነበበኛል።

ሐሙስ ጠዋት በመስኮቴ በኩል መኪናው ሲገባ አየሁ። እሱ ወረደ። እሷ ወረደች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳለች። ቆም ብለው አንድ ነገር ተነጋገሩና እሱ አንገቱን ደፋ፤ እሷ እጇን ትከሻው ላይ አደረገች፣ በሌላው እጇ ዓይኗን ጠረገች። በጠራራ ፀሐይ፣ ጥበቃው እያያቸው። እኔን በሁለት ዓመት ውስጥ በሰው ፊት ጣቴን ነክቶኝ አያውቅም።

ከወንበሬ ሥር የተነከሩ የአፍ ቱቦዎች ያሉበት የክሎሪን ባልዲ አለ። በሽተኛ የነፋበት ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ቲቢ ነው፣ ቀልድ የለም። ደብዳቤውን አወጣሁና እዚያ ውስጥ ነከርኩት። በእጄ ይዤ አጠለቅኩት። ቀለሙ እንደ ጭስ ተነስቶ ውሃው ውስጥ ተበተነና ወረቀቱ ነጣ። አልዋሽም፣ ለዚያች ደቂቃ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ በሩ ተከፈተ። ሮጦ ነው የመጣው። ሁለታችንም የአፍ መሸፈኛ አድርገናል፤ ዓይኑን ብቻ ነው የማየው። ቀልቷል። ለእሷ አልቅሶ ነው አልኩ በሆዴ።

"ወረቀቱ አንቺ ጋ ነው አሉኝ እናትሽ" አለ እያለከለከ። "የጋውኔ ኪስ ውስጥ የነበረው። የት አለ? ስጪኝ ቶሎ።"

"ምን ያስቸኩልሃል? እሷ እንደሆነች እዚሁ ግቢ ውስጥ ናት። በአፍህ ንገራት።"

"ማን?"

"ሆዴ!" አልኩት። "ሰማያዊ ቀሚስ! ትንፋሽ ቆጠራ! ኧረ ዓይንህን ላፈር! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ሌባ በጓሮ በር እየገባሁ፣ እኔ በሰው ፊት እርስዎ እያልኩ፣ አንተ ለሌላ ሴት በብዕር ሆዴ ትላለህ? እኔን ለእናትህ ለመንገር አፍ የለህም፤ ለእሷ ግን እጅ አለህ!"

ከበሩ ውጭ አግዳሚው ላይ ስምንት በሽተኛ ተቀምጧል። ሳሉ ሁሉ ጸጥ አለ። "አንተ" ስለው ሰሙ፤ ይስሙ!

እሱ ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "የት ነው ወረቀቱ?" አለኝ ብቻ፣ በዝግታ።

በአገጬ ባልዲውን አሳየሁት።

ጓንት አላደረገም። እጅጌውን ሳይሰበስብ ባዶ እጁን እስከ ክርኑ ክሎሪን ውስጥ ከተተና ወረቀቱን አወጣው። ዘረጋው። አንድ ፊደል የለበትም። ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን አየው፣ ገለበጠው፣ እንደገና አየው። ከዚያ የበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"አልጋ አራት ዛሬ ጎህ ሲቀድ አረፈ" አለኝ።

"ማነው አልጋ አራት?"

"ብየዳ ሠራተኛው።"

አውቀዋለሁ። ከሦስት ወር በፊት እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጦ "ይንፉ! ይንፉ!" ስለው በሳሉ መሃል "እህቴ፣ የመኪና ጎማ አስመሰልሽኝ እኮ!" ብሎ ያሳቀኝ ሰውዬ ነው። ያን ቀን ያወጣው ቁጥር የሕፃን ልጅ ትንፋሽ ያህል ነበር። እያየሁት እንዴት ሊቀልድ ቻለ ብዬ ነበር።

"ደብዳቤው የእሱ ነው" አለ። "ለሚስቱ። አራስ ናት፣ ሁለት ወሯ ነው፤ ለሕፃኗ ፈርቶ አትምጪ ብሏት ነበር። ስልክ ላይ ደግሞ ሳሌን ብቻ ነው የምትሰማው ብሎ እምቢ አለ። ከዚያ ክፍል ወረቀት እንደማይወጣ ታውቂያለሽ። ጽፎ ጽፎ የክፍሉ በር መስተዋት ላይ ያስደግፍልኛል፣ እኔ ኮሪደር ላይ ቆሜ እገለብጣለሁ። በስልኬ እንዳላነሳው ደግሞ ምርምሩ ላይ ስምም ፎቶም አይያዝም። ሁለት መስመር ይጽፋል፣ ያርፋል። ሁለት ቀን ፈጀብን።"

"ዋናውስ?" አልኩ።

"ከክፍሉ ቆሻሻ ጋር ተቃጠለ። ሕጉ ነው። ሰኞ ልልክላት ነበር፤ መኪናው ሲያጣድፈኝ ጋውኔ ውስጥ ረሳሁት። የደወልኩልሽ እኮ ልብስ ማጠቢያ ሳይደርስ ከኪሴ እንድታወጪልኝ ነበር።"

ክው አልኩ። ስምንት ጊዜ የደወለው ለዚህ ነው። ብየዳ ሠራተኛ መሸፈኛ ያደርጋል። ብየዳ ሠራተኛ ጓንት ያወልቃል፤ እጁ ጥላሸት ነው፣ ያፍራል። ትንሿ አራስ ልጁ ናት። ሁሉ ነገር ፊቴ ተጽፎልኝ ነበር፣ እኔ ግን የማነበው የራሴን ነበር። እናቴ ሁልጊዜ "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ትለኛለች፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም እንኳ አልነበረም።

"በቃልህ ንገራት ብሎኝ ቢሆን እንኳ ጥሩ ነበር" አለ ያንን ነጭ ወረቀት ጉልበቱ ላይ እያስተካከለ። "አደራ ብሎኛል። በመስተዋቱ በኩል እጁን እንዲህ አድርጎ፣ አደራ። ሚስቱ አሁን መንገድ ላይ ናት፣ ለምሳ ሰዓት ትደርሳለች። ከዚያ ክፍል ጫማው እንኳ አይወጣላትም። ይቺ ወረቀት ብቻ ነበረች።"

"አንድ መስመር እንኳ አታስታውስም?"

"የደሙን ኦክስጅን ከሆነ የእያንዳንዷን ሰዓት ልንገርሽ። ቃሉን ግን..." ራሱን ነቀነቀ። "ላለማንበብ ነበር የምሞክረው። ፊደል ፊደሉን ብቻ ነበር የምገለብጠው። የሰው የውስጥ ነገር ነው ብዬ።"

በዚያች ሰዓት ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሱ አደራ ተቀብሎ እንኳ ማንበብ ያፈረውን፣ እኔ እንደ ጅብ ግጬዋለሁ።

"እኔ አውቀዋለሁ" አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ።

"በቃሌ። ከሆዴ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ቃል፣ እስከ ያንቺው ድረስ።"

ነጩን ወረቀት ቀስ አድርጎ አጠፈው። ምን ያህል ጊዜ ባነበው እንዲያ ሊጠናኝ እንደቻለ፣ ለምን እንዳነበብኩት፣ ምን ስቃጠል እንደከረምኩ፣ ሁሉም ገባው። በዓይኑ ውስጥ ንዴት ነበር፣ ሐዘን ነበር፣ ሌላም ነገር ነበር። ያንን ሌላውን ነገር ልጠይቀው አልደፈርኩም።

ከዚያ ብድግ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ንጹሕ ወረቀት ሳበና እስክሪብቶ አወጣ። "ተናገሪ፣ ልጻፈው" አለኝ። "ያው የእኔው እጅ ጽሑፍ ነው። እሷም አታውቅም፣ ማንም አያውቅም።"

"አይሆንም።"

"ለምን? ለምን እናሳዝናታለን?"

"መደበቅ ያንተ ሥራ ነው" አልኩት። "እኔ ተደብቄ ተደብቄ ነው ለዚህ የበቃሁት። አንድ ጊዜ በሰው ፊት የእኔ ናት ብለህ ቢሆን ኖሮ ያቺን ወረቀት አንብቤ እስቅ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ራሴ እነግራታለሁ። ትስደበኝ፣ ትምታኝ፣ እንደፈለገች ታድርገኝ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሄዶ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተውና መስኮቱ ጋ ቆመ። እኔም ስምንቱን በሽተኞች አንድ በአንድ አስነፋኋቸው፤ ያን ቀን ግን አንዳቸውም ላይ መጮህ አልቻልኩም።

ልጅቷ ለምሳ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረሰች። ልጅቷ የምላት ከእኔ ስለምታንስ ነው። ሻርፕ ደረቷ ላይ አጣፍታለች፤ ልጇን ለእናቷ ትታ ስለመጣች ጡቷ ወተቱን አፍስሶ ሻርፑ ላይ ሁለት እርጥብ ክብ ሠርቷል። የሳንባ ሐኪሟ ናት ክንዷን ይዛ ያመጣቻት። በሩ ጋ ትታት አልሄደችም፤ እዚያው ቆመች።

"ዶክተር፣ እርስዎ ነዎት አሉኝ ሲያክሙት የነበሩት" አለችው ወደ መስኮቱ ዞራ። "ደብዳቤ አለ ብሎኝ ነበር። በነርሷ በኩል ነው ያስነገረኝ። ደብዳቤ ተጽፎልሻል፣ ጠብቂ ብሎ።"

እሱ አፉን ሊከፍት ሲል ቀደምኩት።

"ደብዳቤሽን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እህቴ" አልኳት። "በስህተት እንዳይመስልሽ። አውቄ ነው። ለሌላ ሴት የተጻፈ መስሎኝ፣ በቅናት።"

የገባት አይመስልም። ባልዲውን አሳየኋት፤ ነጩን ወረቀት አሳየኋት። ወረቀቱን ተቀብላ እንደታጠፈ ደረቷ ላይ አደረገችውና "ምንም የለበትም" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጅ ያልገባውን ነገር ሲናገር እንደሚለው ነው ያለችው። እጄን በቆረጠው ያልኩት ያኔ ነው።

"ግን በቃሌ አጥንቼዋለሁ። ከፈቀድሽልኝ አንድ ቃል ሳላጎድል እነግርሻለሁ።"

"በይ ንገሪኝ" አለች።

ወንበሬ ላይ አስቀመጥኳት። እኔ እግሯ ሥር ተንበረከክኩ። የአፍ መሸፈኛዬን ወደ ታች ሳብኩት፤ በጨርቅ ውስጥ ሊነገር የሚችል ነገር አይደለም። ለሦስት ቀን እንደ መርዝ ስውጠው የነበረውን ቃል ጀመርኩላት።

"ሆዴ፣ እኔ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው፤ አንቺም ደህና ነኝ ስትዪኝ ትዋሺ የለ?"

"ውሸታም!" ብላ ሳቀች፣ እንባዋ ከሳቋ ጋር ዱብ አለ። "እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው። ቀጥይ።"

ቀጠልኩ። ትንፋሹን ነገርኳት፣ በሩን ነገርኳት። ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ ስል እጇን አነሳችብኝ።

"አረንጓዴ ነው" አለች። "አረንጓዴ ነበር! ሁልጊዜ ሰማያዊ ይለዋል። ብየዳው ዓይኑን ጎድቶት ነው፣ ሁለቱን አይለይም ነበር። ስንት ጊዜ ተጣላን በዚያ ቀሚስ!"

ስለዚህ በመስኮት ያየሁት ሰማያዊ ቀሚስ ከደብዳቤው ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የሳንባ ሐኪሟ በሩ ጋ ቆማ ትነፋረቃለች፤ ለዚያ ሰውዬ ከእኔ ይልቅ እሷ ቀርባው ኖሯል። ጠዋት መኪናው ጋ ያየሁት ለቅሶም ለሟቹ ነበር።

ጓንቱ ላይ ስደርስ የብየዳ ሠራተኛው ሚስት የራሷን እጅ በሌላው እጇ ያዘች። ትንፋሽ ቆጠራው ላይ ዓይኗን ጨፈነች። ትንሿን ሳሚልኝ ስል "እሺ" አለችው፤ እኔን አልነበረም። ከዚያ የቀረችው ያቺው አራት መስመር ናት። እኔን ደስ ለማሰኘት ሌላዋን ሴት የሚተዋት መስሎኝ በክፉ ልብ የተጽናናሁባት።

"ከእኔ በኋላ የሚወድሽ ሰው ቢመጣ አልቀየምም። ውሸቴን ነው፤ እቀየማለሁ። አንቺ ግን አትስሚኝ። መስኮቱን ክፈቺው፣ ነፋስ ይግባልሽ፤ እኔ ያጣሁትን አንቺ ጠግበሽ ተንፍሺ። ያንቺው።"

ክፍሉ ውስጥም ኮሪደሩ ላይም የሚስል ሰው አልነበረም። እሷ አላለቀሰችም። ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ደረቷ ከፍ አለ፣ ቆየ፣ ወረደ። ስንት ሺህ ሰው አስተንፍሻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አይቼ አላውቅም።

"ድገሚልኝ" አለችኝ።

ደገምኩላት። በሦስተኛው አብራኝ ትል ጀመር። በአራተኛው እኔ ዝም ብዬ እሷ ብቻዋን አለችው፤ አረንጓዴ ቀሚስሽን ብላ አስተካክላ። ከዚያ በኋላ ነው እሱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ እሷ እያለችው በዚያ በተንጋደደ ጽሑፉ የጻፈላት።

ወረቀቱን ስትቀበል ወደ እኔ ዞረች። "በማን ቀንተሽ ነው ለመሆኑ?" አለችኝ።

በአገጬ እሱን አሳየኋት።

"ባልሽ ናቸው?"

ምን ልበላት? ዶክተር ልበል? እርስዎ ልበል? አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። የሳንባ ሐኪሟ እንባዋን ጠርጋ እያየችን ነው።

"ነኝ" አለ እሱ ከጠረጴዛው ተነስቶ። "ማለቴ፣ እሷ ካለች ልሆን ነው። ለእናቴ እንኳ ሳልነግር ለእርስዎ ነገርኩ። ዛሬ ማታ ደግሞ እነግራታለሁ።"

ሁለት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው። እልል የምልበት ነበር፤ ግን ፊት ለፊቴ ባሏ የሞተባት ሴት ተቀምጣለች። ደስታዬን ዋጥኩት።

እሷ ግን ፈገግ አለች። እጄን ይዛ ከተንበረከክኩበት አስነሳችኝና "ታዲያ በእኔ ነበር የቀናሽው" አለችኝ። "በእኔ!"

"ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ።"

"ምን ይቅርታ አለው። በሕይወቴ አንድ ሰው በእኔ ቀንቶ አያውቅም። የድሃ ሚስት፣ የበሽተኛ ሚስት፣ ሲሉኝ ነው የኖርኩት። እሱ ይህን ቢሰማ..." አቋረጠችው። "እንዴት ደስ ባለው።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ያለ ልክ ነው ያለቀስኩት፤ አጽናኟ እሷ ሆነች።

ወደ አስከሬኑ ይዟት ሊሄድ እሱ አብሯት ወጣ። መስኮቴ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ግቢውን ሲያቋርጡ እግሯ ተንገዳገደ፤ እሱ ክንዱን ሰጣት፣ እሷም ያዘችው፣ አጥብቃ፣ ጭንቅላቷን ወደ ትከሻው አዘንብላ። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ? ያ ሁሉ ሆኖ፣ ያን ሁሉ አልቅሼ፣ ያቺን እጅ ክንዱ ላይ ሳያት ውስጤ እንደገና ቆንጠጥ አደረገኝ። ቀናሁ። በዚያች ምስኪን ሴት ቀናሁ፤ ክንዱን ስለያዘች ብቻ አይደለም፣ እንዲያ ተብሎ ስለተጻፈላትም ጭምር። ግን በዚያች ሰዓት የመስኮቱ መስተዋት ላይ እጄን አድርጌ "ያዢው እህቴ፣ አጥብቀሽ ያዢው" እላት ነበር፤ ከልቤ ነው።